ከሜትር እስከ ማግኔት፤ በሕፃናት አንጎል ውስጥ የሚነሣ ዕጢን ስለ መለየት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ መድረክ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር ሲናገሩ ቆይተዋል። የእኔ ሥራ የሆስፒታል መሣሪያዎችን መትከልና መጠገን ስለሆነ፣ ዛሬ የምናገረው በአንዲት ሕፃን ራስ ላይ ስለሚደረግ ልኬት ነው።

የእኅቴ ልጅ የሰባት ወር ሕፃን ሳለች በየማለዳው ታስታውክ ጀመር። የሆድ ሕመም ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ታዘዘላት። በመጨረሻ ጥርጣሬ ያነሣችው እናቴ ነበረች፤ «ይህች ቆብ ባለፈው ወር ልኳ ነበረች፤ ዛሬ አልገባ አለቻት» አለች። ካርዷን ስንመለከት የራሷ ዙሪያ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ተጽፏል፤ ልዩነቱም 2.5 ሴንቲሜትር ነበር። ቁጥሮቹ ነበሩ፤ ያስተያያቸው ሰው ግን አልነበረም።

እንደሚታወቀው የአዋቂ ሰው የራስ ቅል እንደ ተዘጋ ጋን ነው፤ በውስጡ ዕጢ ሲያድግ ግፊቱ ቶሎ ይጨምራል፤ ሕመምተኛውም ራሴን አመመኝ ይላል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ግን ገና አልተገጣጠሙም። ስለዚህ ግፊቱን ቅሉ እየሰፋ ይቀበለዋል፤ ምልክቱም ይዘገያል። እርግብግቢቷ ይወጠራል፣ ዐይኖቿ ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ ታስታውካለች፤ መናገር ግን አትችልም። በተወለደ ጊዜ 35 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው የጤናማ ሕፃን ራስ ዙሪያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ 2 ሴንቲሜትር፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት 1 ሴንቲሜትር፣ ከዚያም እስከ ዓመቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል። የእኅቴ ልጅ ራስ የጨመረው ከሚገባው አምስት እጥፍ ነበር።

ጥርጣሬው ከተነሣ በኋላ የእኛ መሣሪያዎች ተራ ይደርሳል። እርግብግቢቱ ሳይዘጋ በእርሱ በኩል በአልትራሳውንድ የአንጎልን የውሃ ክፍሎች መስፋት ማየት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የኋለኛውን የአንጎል ክፍል አጥርቶ አያሳይም። ሲቲ ስካንን የሠራው ኢንጂነሩ ጎድፍሬ ሃውንስፊልድ ነው፤ መሣሪያው የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ አንጎል ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ሲሆን፣ ሃውንስፊልድም በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጨረር አለው። ኤም.አር.አይ. ጨረር የለውም፤ ሥዕሉም የጠራ ነው፤ ሕፃኑ እንዳይንቀሳቀስ ግን ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ ያስፈልጋል። ጨካኞቹ ዕጢዎች በፈሳሹ በኩል ስለሚሠራጩ ኅብለ ሰረሰሩም አብሮ መነሣት አለበት።

ይሁን እንጂ ማግኔቱ ዕጢውን ያሳያል እንጂ ስሙን አይነግረንም። በሕፃናት ላይ ከሚነሡት እጅግ ፈጣኖች አንዱ የሆነው ኤ.ቲ.አር.ቲ. በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሜዱሎብላስቶማን ስለሚመስል ለብዙ ዘመን በዚያ ስም ሲጠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ዘረ-መል በዚህ ዓይነት ዕጢ ውስጥ መበላሸቱ ታወቀ። ዛሬ ናሙናው በቀለም ተፈትኖ፣ በዕጢው ሕዋሳት እምብርት ውስጥ አይ.ኤን.አይ. 1 የተባለው ፕሮቲን ከጠፋ፣ ስሙ ይለያል። የስሙ መለየት የሕክምናውን መንገድ ይወስናል፤ ጨረር በማደግ ላይ ያለ አንጎልን ስለሚጎዳ ሐኪሞች በጣም ትንንሾቹን ሕፃናት ከእርሱ ለማራቅ በብርቱ ኬሞቴራፒ ይደክማሉና።

የእኅቴ ልጅ ዕጢ ይኸው ነበር። ከስምንት ወር ሕክምና በኋላ ዐረፈች። ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ ትድን ነበር ብዬ አልምልም፤ በሽታው ጨካኝ ነው። ነገር ግን በሆድ መድኃኒት ያለፉት ሳምንታት የእርሷ ነበሩ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የምርመራ ሰንሰለት ጥንካሬው በደካማው ቀለበት ልክ ነው። እኛ ለትልቁ ማግኔት ማቀዝቀዣና ለኤሌክትሪኩ መቋረጥ እንጨነቃለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በየጤና ጣቢያው ያለው ሜትር የማይለጠጥ መሆኑን፣ ቁጥሩ በመሥመር ሰንጠረዥ ላይ በነጥብ መመልከቱን፣ ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር መያያዙን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? አንድ ልኬት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሁለት ልኬት ሲያያዝ ግን ይናገራል። ወደ ሆስፒታል ለጥገና ስንሄድ ሜትሩንም እንመልከት፤ ይህ ከሙያችን በታች አይደለም።