ሂሳባችን ሲታገድ ወዴት እንሂድ?

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ)



በርበሬና ሽሮ ሸጠን ገንዘቡን በስልክ ስንቀበል፣ ላኪው ከየት እንዳመጣው አናውቅም። ከሌላ ሰው ሂሳብ በማጭበርበር የወጣ ከሆነ ግን ምርመራው የገንዘቡን መንገድ ተከትሎ እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ሂሳባችንም ሊታገድ ይችላል። የሚታገደው የነገ መሥሪያችን፣ የቤት ኪራያችንና የእቁባችን ገንዘብ ነው።

አስቀድመን ይህን እንወቅ፦ እገዳ ፍርድ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። የንብረት መብታችንም በአንቀጽ 40 ተደንግጓል።

መጀመሪያ ያገደው ማን እንደሆነ ቅርንጫፉን በጽሑፍ እንጠይቅ። የትእዛዙን ቁጥርና ቀን እንያዝ፤ የማመልከቻችንንም ቅጂ ማኅተም አስመትተን እናስቀር። መፍትሔው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያገደው ባንኩ ራሱ ከሆነ ቅሬታችንን ለባንኩ፣ መልስ ካጣን ለብሔራዊ ባንክ እናቀርባለን። ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ካሳገደው ማስረጃችንን ይዘን መርማሪው ዘንድ እንሄዳለን። ትእዛዙ የፍርድ ቤት ከሆነ እገዳው እንዲነሳ፣ ካልሆነም በሚያጠራጥረው ገንዘብ ልክ ብቻ እንዲወሰን ለዚያው ችሎት እናመለክታለን። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተመለከቱ ወንጀሎችን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

ማስረጃው ምንድን ነው? በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን እንደምናውቀው ደብተር ዋና ምስክር ነው። የሸጥነውን ዕቃ፣ ቀኑን፣ የገዢውን ስልክና የዝውውሩን ቁጥር እንመዝግብ፤ የባንክ መልእክት ከስልካችን አናጥፋ። «በስህተት ገብቶብሻል፣ መልሺልኝ» የሚል ሰው ቢደውል በባንኩ በኩል እንጂ በራሳችን አንመልስ። ሂሳባችንን ለዘመድም ቢሆን አናውስ። «በገንዘብ አስነሳልሻለሁ» ለሚል ደላላም ጆሮ አንስጥ።

ብቻችንን አይደለንም። አንቀጽ 37 ማኅበር የአባላቱን ጥቅም ወክሎ ፍትሕ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድትወስኑ እንጠይቃለን፦ ከመጠባበቂያችን ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ይመደብ፤ ሂሳቧ ለታገደባት እህትም እገዳው እስኪነሳ የመሥሪያ ብድር ይሰጣት። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ጉልቷ መዘጋት፣ ልጆቿም ጾማቸውን ማደር የለባቸውም።