ከመስጠታችን በፊት የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነርሱንም ወሰዳቸው። እንዲህ ያለ መርዶ ስንሰማ እጃችን ቶሎ ይዘረጋል፤ መዘርጋትም አለበት። ነገር ግን በዚያው ሰሞን በስልካችን ከሚመጡት ፎቶዎችና የሒሳብ ቁጥሮች መካከል እውነተኛውም አስመሳዩም ይኖራል። ለአስመሳይ የላክነው ብር ቤቷ ከፈረሰባት እናት አፍ የተነጠቀ ነው።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ከእድራችን እንጀምር። ገንዘብ ያዣችንን ደረሰኙ የታለ፣ ወጪውን ማን ፈረመ፣ ለምን ዋለ ብለን እንጠይቃታለን። ስለምንጠረጥራት አይደለም፤ እርሷም አትቀየምም። የማናውቀውን ድርጅት ለምን ከእርሷ ያነሰ እንጠይቃለን?

አንደኛ፣ ሒሳቡ በማን ስም ነው? በባንክ መተግበሪያም ሆነ በቴሌብር ስንልክ፣ ከማረጋገጣችን በፊት የተቀባዩን ስም እናያለን። ማስታወቂያው ድርጅት ብሎ ሒሳቡ የግለሰብ ከሆነ እናቁም። ግለሰብ ሁሉ ሌባ ነው ማለታችን አይደለም፤ የሰፈር ልጆች ተሰባስበው ትልቅ ሥራ ሲሠሩ አይተናል። ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ቢይዙ ለራሳቸውም ይበጃል።

ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ሕጋዊ ነው? የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቀን ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማጣራት እንችላለን። አታላይ የታወቀ ስምም ይዋሳል። ስለዚህ የቀይ መስቀልን ስም ብናይ እንኳ የሒሳብ ቁጥሩን ከማኅበሩ ከራሱ ቢሮ እንውሰድ እንጂ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ መልእክት አንቀበል።

ሦስተኛ፣ ምን ሠራ? እውነተኛ ሠራተኛ ይህን ያህል ኩንታል ዱቄት፣ ይህን ያህል ብርድ ልብስ፣ ለዚህ ቀበሌ፣ በዚህ ቀን አስረከብን ይላል። የሚያስለቅስ ፎቶ ብቻ የሚያሳየን ግን ሒሳብ አላቀረበልንም። ፎቶውም ከሌላ አገር፣ ከሌላ ዓመት የመጣ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ለራሱ ምን ያህል ያወጣል? አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋሙ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። «አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ይደርሳል» የሚለንንም የመኪናውን ኪራይ ማን እንደከፈለ እንጠይቀው። ቅን ሰው መልስ አያጣም።

«አሁኑኑ ካልላካችሁ» እያለ የሚያጣድፈንን እንጠንቀቅ። ቤቱን ያጣ ሰው ችግሩ በአንድ ቀን አያልቅም፤ መጠለያ፣ ዘርና የልጆች ደብተር ለወራት ያስፈልጉታል። አንድ ቀን አጣርተን ብንሰጥ አንዘገይም።

እህቶች፣ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። አደጋ ሲደርስ በየግላችን ከመላክ አቅማችን የፈቀደውን በማኅበራችን እናሰባስብ። ከመካከላችን ሦስት ሴቶች ያጣሩ፣ ገንዘቡ በማኅበሩ ስም ይላክ፣ ደረሰኙ ከመዝገባችን ጋር ይያያዝ፣ በቀጣዩ ስብሰባም ይነበብ። መቶ ብር የሰጠችውም ሃያ ብር የሰጠችውም ገንዘቧ የት እንደደረሰ ካወቀች በሚቀጥለው ጊዜም ትሰጣለች።