የአያት ቅርስ በፎቶግራፍ ፊት

እርስዋ፦ ወንድሜ፣ በካልጋሪ ያሉ ወገኖቻችን ለቤተሰብ ፎቶግራፍ ሲቀመጡ የአያትን ካባና የእናትን የብር መስቀል ይዘው መቅረባቸው፣ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ በኋላም ልጆቹ፣ በአዲስ አበባ ካቆዩልን የክብር ሥዕሎች ጋር ያዛምዳቸዋል።

እርሱ፦ እውነት ነው፣ እህቴ፤ ሆኖም ያን ጊዜ የሚቀመጠው ባለካባው ራሱ ሲሆን፣ ዛሬ በሮኪ ተራሮች አቅራቢያ የተወለደ ሕፃን ታሪኩን ያልሰማውን መስቀል ጨብጦ ፎቶግራፍ ቢነሣ፣ ክቡሩ ንዋይ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እርስዋ፦ እንግዲያውስ መብራቱ እስኪሰናዳ አያቲቱ ታሪኩን ትተርክለት።

እርሱ፦ ወገኖቻችን ሆይ፣ የብራና ዳዊት ያላችሁም፣ የካልጋሪ አየር እጅግ ደረቅ ነውና፣ መጽሐፉን ከመብራት ሙቀት አርቁት፤ በሥዕሉም ጀርባ የቅርሱን ባለቤት ስምና አገር በእርሳስ ጻፉ።