ቀዩ ፊደልና የፍርድ መድረክ



በምሕንድስና ንድፍ ላይ የሚሰፍር ማንኛውም ምልክት አንድ ትርጉም ብቻ ሊኖረው ይገባል። ነዳፊው አንድ ነገር አስቦ ያሰፈረውን ሠሪው በሌላ ቢተረጉመው ሥራው ይበላሻል። ሰውን ግን እንደ ሕንፃ ክፍል በአንድ ምልክት ወስኖ መግለጽ ይቻላልን? አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆውቶርን እ.ኤ.አ. በ1850 ያሳተመው «ቀዩ ፊደል» የተሰኘው ልብ ወለድ የሚመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ሆውቶርን በ1804 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሴለም ከተማ ተወለደ። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በ1692 በዚያው አካባቢ በጥንቆላ የተከሰሱትን ከመረመሩት ዳኞች መካከል ነበር። ደራሲው በሴለም የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ሲያገለግል ቆይቶ በ1849 ከሥራው ተሰናበተና መጽሐፉን ጻፈ። ስለ ፈራጆች ሲጽፍ ስለ ገዛ ቤተሰቡም መጻፉ ነበር።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1640ዎቹ በቦስተን ነው። ከእንግሊዝ የፈለሱት ፒዩሪታኖች በእግዚአብሔር ሕግ የምትመራ ንጹሕ ከተማ ለማቆም የተነሡ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ደራሲው ገና ሲጀምር የሚያሳየው የከተማዋ መሥራቾች አስቀድመው ለመቃብርና ለወህኒ ቤት ቦታ መከለላቸውን ነው። በወህኒው በር አጠገብ ግን አንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ አብቧል፤ የሰው ሕግ ሲጨክን ተፈጥሮ ትራራለችና።

ሔስተር ፕሪን ባሏ በሌለበት ፀንሳ በመውለዷ «ኤ» የሚለውን ፊደል በቀይ ጨርቅ ሠርታ በደረቷ ላይ እንድትሸከም ተፈረደባት። ምንዝር በእንግሊዝኛ «አደልተሪ» ይባላልና የፊደሉ ምንጭ ይኸው ነው፤ ቃሉ ራሱ ግን በልብ ወለዱ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። ቅጣቱ ፈጽሞ ፈጠራ አይደለም። የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት የ1658 ሕግ አመንዝራዎች ሁለት ፊደላት በልብሳቸው ላይ ሰፍተው እንዲሄዱ ያዝዝ ነበር።

ዳኞቹ ፊደሉን የቈጠሩት እንደ ንድፍ ምልክት፣ ትርጉሙ እንደማይለወጥ አድርገው ነው። ሔስተር ግን ገና ከወህኒ ስትወጣ በወርቅ ክር ጠልፋ አስጊጣው ታየች። ከዚያም በመርፌዋ እየኖረች ድኻን ስታበላና በሽተኛን ስታስታምም ዓመታት አለፉ፤ ብዙዎችም ፊደሉን «ኤብል»፣ ማለትም ብርቱ፣ ብለው ይተረጉሙት ጀመር። በአንድ ሌሊት ተወርዋሪ ኮከብ በሰማይ ላይ ያንኑ ፊደል የጻፈ ሲመስል፣ የከተማው ሰዎች በዚያች ሌሊት ላረፈው ለአገረ ገዢው ዊንትሮፕ «ኤንጅል»፣ ማለትም መልአክ፣ ለማለት ነው አሉ። ወጣቱ ሰባኪ አርተር ዲምስዴል ግን የራሱን የተሰወረ ኃጢአት አነበበበት፤ የሕፃኗ አባት እርሱ ነበርና።

ለመሐንዲስ ዓይን ይበልጥ ግልጽ የሆነ ምሳሌም አለ። በአገረ ገዢ ቤሊንግሃም አዳራሽ የተወለወለ የብረት ጥሩር ቆሟል። ደረቱ ወደ ውጭ የጎበጠ በመሆኑ የሔስተርን ፊደል እጅግ አግዝፎ ያሳያል፤ ሴቲቱ ራሷ ከፊደሉ በስተጀርባ ልትሰወር ትደርሳለች። ጥፋቱ የመስተዋቱ ቅርጽ ነው። ሕግም ሰውን በነውሩ በኩል ብቻ ሲያይ እንደዚሁ ያዛባል።

የልብ ወለዱ አቋም የተመሠረተው በገበያው ስፍራ በቆመው የእንጨት መድረክ ላይ ሲሆን፣ ታሪኩ ሦስት ጊዜ ወደዚያ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሔስተር ሕፃኗን ታቅፋ በቀን ብርሃን፣ በሕዝብ ፊት ትቆማለች፤ ዲምስዴል ከላይ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ የአባቱን ስም እንድትናገር ይጠይቃታል። በሁለተኛው ሰባኪው ማንም በማያይበት ሌሊት ወጥቶ ይቆማል፤ ሔስተርንና ልጇን ፐርልን እጅ ለእጅ ቢይዝም በቀን አብሯቸው ለመቆም አይደፍርም። በሦስተኛው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በሕዝብ ፊት ከሁለቱ ጋር ወጥቶ ይናዘዝና እዚያው ይሞታል። በግልጽ የተሸከመችው ስትጸና፣ ደብቆ የተሸከመው ከውስጥ ተሰንጥቆ ወደቀ።

ማንነቱን ሰውሮ ሰባኪውን በሐኪምነት ስም ሲያሠቃይ የኖረው የሔስተር ባል ሮጀር ቺሊንግዎርዝም የሚበቀለው ሲያጣ ጠውልጎ በዓመቱ ውስጥ ሞተ። ደባ ራሱን፣ ስለት ድጉሱን እንደሚባለው ነው።

ሔስተር በጫካ ውስጥ ፊደሉን ነቅላ በጣለች ጊዜ ፐርል መልሳ እስክትለብሰው ድረስ አልቀርብም አለቻት። ያለፈ ሕይወት ተነቅሎ የሚጣል ጨርቅ አይደለም። በመጨረሻም ሔስተር ከባሕር ማዶ ተመልሳ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ፊደሉን እንደገና አደረገችው፤ ያዘኑና የተጨነቁ ሴቶችም ምክር ፍለጋ ወደ ጎጆዋ ይመጡ ነበር።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለሔስተርና ለዲምስዴል በቆመው አንድ የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ግን ያው ፊደል ነው። ትርጉሙን ሊወስኑ የተነሡት ዳኞች ግን ትርጉሙ ከእጃቸው ወጥቶባቸዋል። ማኅበረሰብ በሰው ደረት ላይ ምልክት ለመለጠፍ ሥልጣን ይኖረው ይሆናል፤ የምልክቱን ፍቺ የሚጽፈው ግን ተሸካሚው በኖረበት ኑሮ ነው።