ስለ ተከላካዩ ሉካስ ራዴቤ
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። «እድርና ኳስ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ልጆች ቡድን ሲያቋቁሙ ሁሉም አጥቂ መሆን ይፈልጋል፤ በዘጠኝ ቁጥር መለያ ሊጣሉ ይደርሳሉ። ተከላካይ ሁን የተባለው ልጅ እንደ ተቀጣ ሰው አኩርፎ ይቆማል። መቼም አልተሳሳተም። አጥቂ ዘጠኝ ጊዜ ስቶ አንዴ ቢያገባ በትከሻ ይሸከሙታል፤ ተከላካይ ግን ዘጠኝ ጊዜ አድኖ አንዴ ቢያመልጠው ስሙ የሚነሣው በዚያችው በአንዷ ነው። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካውን ተከላካይ የሉካስ ራዴቤን ታሪክ ልናወጋችሁ መረጥን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ እኛንም ይነካል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ሲካሄድ የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የዚያች አገር የኳስ ሹማምንት ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አንልክም ስላሉ ከውድድሩ ወጡ። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካን ከዓለም ኳስ ለማግለል ከታገሉት ዋነኛው የእኛው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ፊፋ አገሪቱን በ1976 አባረራት። አቶ ይድነቃቸው በ1987 ሲያርፉ አፓርታይድ ገና አልወደቀም ነበር።

ራዴቤ ያደገው በሩ በተዘጋበት በዚያ ዘመን ነው። በ1969 ሶዌቶ ውስጥ ዲፕክሉፍ በሚባል ሰፈር ተወለደ። ወላጆቹ 11 ልጆች ነበሯቸው። የሶዌቶ ተማሪዎች በ1976 ሰልፍ ወጥተው ፖሊስ ሲተኩስባቸው እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። 15 ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ከሁከቱ ይራቅልን ብለው ቦፑታትስዋና ወደሚባለው ግዛት ላኩት። ኳስን በወጉ የያዘው እዚያ ነው፤ ያውም በረኛ ሆኖ። በ1989 የሶዌቶው ታላቅ ክለብ ካይዘር ቺፍስ ወሰደው። መጀመሪያ አማካይ ነበር፣ ኋላ ወደ መሐል ተከላካይነት ተዛወረ።

በ1991 ተተኮሰበት። ጥይቱ በጀርባው ገብቶ በጭኑ ወጣ። እግዜር ሲያተርፈው ዋናውን የአካል ክፍል አልነካውም። በዓመቱ፣ በ1992 ሐምሌ ወር፣ ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም ኳስ ተመልሳ ደርባን ላይ ካሜሩንን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ራዴቤ ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበር።

በ1994 የእንግሊዙ ሊድስ ዩናይትድ በ250 ሺህ ፓውንድ ገዛው። እውነቱን ለመናገር ክለቡ ዓይኑን የጣለው አብሮት በሄደው በአጥቂው በፊል ማሲንጋ ላይ ነበር። ራዴቤ ብርዱ፣ ተጠባባቂ ወንበሩ፣ ኋላም የጉልበት ጉዳቱ ተፈራረቁበት። ሆኖም ድኖ በ1996 አገሩ ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ተሰለፈ፤ በፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን አነሡ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሊድስ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር በኦልድ ትራፎርድ ሲጫወት የሊድስ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ። ጓንቱን አጥልቆ ግብ ላይ የቆመው ያ የድሮው በረኛ ነው! በሩን ጠብቆ ቆይቶ የገባችበት አንዲት ጎል ብቻ ናት። ሊድስ ቢሸነፍም በዕለቱ የተወራው ስለ እሱ ነበር።

በ1998 ራዴቤ የሊድስ አምበል ሆነ። በ1998ና በ2002 ደግሞ በዓለም ዋንጫ አገሩን በአምበልነት መርቷል። ልጆች፣ ይህችን ልብ በሉ፦ በሊድስ 11 ዓመት ሲቆይ በሊግ ጨዋታ አንድም ጎል አላገባም። አንድም! የከተማው ሰው ግን «አለቃ» እያለ ነበር የሚጠራው። በከተማው የተነሣ አንድ የሙዚቃ ባንድ እንኳ ራዴቤ በፊት በተጫወተበት ክለብ ስም ካይዘር ቺፍስ ተብሏል። ኔልሰን ማንዴላ በ2001 ሊድስን ሲጎበኙ ራዴቤን ጀግናዬ ነው ብለውታል።

በዚያን ጊዜ ክለቡ ብዙ ብር ይበትን ነበር። በ2000 ለአንድ ተከላካይ፣ ለሪዮ ፈርዲናንድ፣ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። ገንዘቡ ብድር ነው፤ ይከፈላል የተባለውም ወደፊት ከአውሮፓ ውድድር በሚገኝ ገቢ ነበር። (ገንዘብ ያዣችን ራሳቸውን ሲነቀንቁ እያየን ነው።) ገቢው ሲቀር ዕዳው ቀረ። ፈርዲናንድ በ2002 ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ሄዱ፤ በ2004 ክለቡ ከአንደኛው ሊግ ወረደ። ራዴቤን ማንቸስተር ዩናይትድ ፈልጎት እንደነበር ይነገራል፤ እሱ ግን አልሄደም። ጉልበቱ ደክሞ ብዙውን ጊዜ ከሜዳ ውጪ ቢሆንም ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ነበር።

በግንቦት 2005 የስንብት ጨዋታው ተዘጋጀ። ክለቡ በሁለተኛው ሊግ ነው፣ ከባለዝናዎቹም የቀረ የለም። እንዲያም ሆኖ ከ37 ሺህ በላይ ሕዝብ ሜዳውን ሞላው፤ ከመግቢያው የተገኘውም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ዋለ።

 የልጆቹ ቡድን ምዝገባ በሚቀጥለው እሑድ ከእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ፊት ለፊት ይሆናል። ሁለት ተከላካይ ይጎድላል።