ማሰሪያ አንቀጹን መጠበቅ፦ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ከካዛንቺስ ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ መጠነኛ እርማት የተደረገበት።)



የሙያዬ መስክ የአማርኛ ሰዋስው ነው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ግን በአመዛኙ እንደ ተመልካች ነው። ለዓመታት የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ስመለከት ኖሬአለሁ፤ ይህንንም በዚህ አዳራሽ ለመናገር አላፍርም።

ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ የባዕድ ቃል ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው ተቋም በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ ኢንቺስ» በሰው አፍ ሲመላለስ ካዛንቺስ ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዲቪዲ የሚያከራዩ፣ ኋላም በፍላሽ ፊልም የሚጭኑ ትናንሽ ሱቆች በየመንደሩ ነበሩ፤ የኮሪያ ድራማ ወደ ቤታችን የገባው በእነርሱ በር ነው። አንዱ የተከራየውን ሦስት ቤት ይጋራዋል። እኛ ቤት ማታ ማታ የሚሰበሰቡት እናቴ፣ ሁለት ጎረቤቶቿና እኔ ነበርን። እነርሱ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ በቃል የምተረጉም እኔ ነበርኩ።

አንድ ምሽት ምራት አማቷን ምግብ ስትጋብዝ የሚያሳይ ትዕይንት መጣ። የግርጌው ጽሑፍ «ብላ» ወይም «ብዪ» ከሚለው ያልተለየች አጭር ቃል ነበረች። እኔም «ብዪ እንጂ» ብዬ አለፍኩ። እናቴ ቆጣ አለች። «ለአማቷ ‹ብዪ› አለቻት? አሁን እጅ ነስታ፣ ሳህኑን በሁለት እጇ አቅርባላት የለም እንዴ? እንዲህ ያለች ልጅ እንዲህ አትልም!» አለችኝ። ተከራከርኩ፤ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት አልኳት። የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ የኮሪያን ሰዋስው መጽሐፍ ስገልጥ ነው። ኮሪያኛ ለታላቅ ሰው ሲነገር በግሡ ውስጥ የአክብሮት ምልክት ይገባል፤ መብላትን ለመሰለ ተግባርማ ቃሉ ራሱ ይለወጣል። ምራቲቱ ያለችው «ይብሉ» ነበር። አንዲት የኮሪያ ቃል የማታውቀው እናቴ ትርጉሜን ከሴትዮዋ አጎነባበስ ተነሥታ አረመችው።

ዛሬ ላቀርብላችሁ የምፈልገው ሐሳብ ከዚያ ምሽት የተወለደ ነው። እኛ የኮሪያን ድራማ የምንመለከተው በእንግሊዝኛ መስታወት ነው፤ መስታወቱ የሚያደበዝዘውም እኛ ከሌላው ተመልካች ሁሉ አብልጠን ልንሰማው የምንችለውን ነው።

ከአክብሮቱ ልጀምር። ኮሪያውያን ዝቅ ያለውን፣ የእኩያና የወዳጅ አነጋገር «ባንማል» ይሉታል፤ ቃል በቃል «ግማሽ ንግግር» እንደ ማለት ነው። በድራማዎቻቸው ውስጥ የፍቅር መነሻው ብዙ ጊዜ መሳሳም አይደለም፤ አክብሮቱ የሚወርድበት ቅጽበት ነው። ስምንት ክፍል ሙሉ በትሕትና ሲነጋገሩ የቆዩ ሁለት ሰዎች አንድ ማታ አንደኛቸው ሳያስበው ቃሉን ዝቅ ያደርገዋል። ሌላው ዝም ይላል፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። የእንግሊዝኛ ተመልካች ዝምታው ምን እንደሆነ አይገባውም፤ «አንተ»ም «እርስዎ»ም ለእርሱ አንድ ቃል ነውና። ተርጓሚው ሲጨንቀው «ዘና ብለን እናውራ?» የሚል ነገር ይጽፋል። እኛ ግን «አንቱታውን እንተወው»፣ «አንተ በለኝ እንጂ» ብለን በዕለት ተዕለት ኑሯችን የምንናገረው ጉዳይ ነው። ሦስተኛ ሰው በሌለበት ስለ እርሱ ሲነገርም «መጣ» ወይስ «መጡ» የሚለው ምርጫ በሁለቱም ቋንቋ አለ፤ አንድ ገጸ ባሕርይ አለቃውን ከጀርባው «መጣ» ሲለው ንቀቱን ወዲያው እንሰማለን።

ሁለተኛው የግሡ ቦታ ነው። ኮሪያኛና አማርኛ ዝምድና የላቸውም። ሆኖም ሁለቱም ዓረፍተ ነገሩን በግሥ ይዘጋሉ። (ግዕዝ በአብዛኛው ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግሡን ወደ ኋላ ያደረገው ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ በመኖሩ ነው የሚለው በምሁራን ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት ያለው አስተያየት ነው።) «እኔ አንተን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ አምኜህ…» ብሎ ተዋናዩ ሲያቆም፣ የቀረው «አላውቅም» ይሁን «ነበር» ማንም አያውቅም። ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ሰሚው በገመድ ላይ ነው። የኮሪያ ደራስያን ይህን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል፤ ተዋናዮቹም ከግሡ በፊት ትንፋሽ መያዝን ያውቁበታል። እንግሊዝኛው ግን አሉታውን ገና በመጀመሪያዎቹ ቃላት ይዘረግፈዋል። ተዋናዩ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ቃሉን ሲያዘገይ እኛ ከታች አንብበን ጨርሰናል። ይህ ክርክር ለጃፓንኛም ይሠራል፤ ለቻይንኛ ግን አይሠራም፣ በእርሱ ግሡ መካከል ላይ ነው።

አማርኛ ሁሉን ያለ ችግር ይሸከማል እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን «የቡና ልዑል» የተባለውን ድራማ ውሰዱ። ሙሉ ርዕሱ ልዑሉን ከመጠጫው ቤት ጋር ያያይዘዋል፤ «ቡና ቤት» ብለን ብንተረጉመው ግን በካዛንቺስ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ከመካከላችሁ ታላላቆቹ ታውቃላችሁ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ወንድ መስላ ትቀጠራለች፤ ባለቤቱም ወንድ እንደሆነች አምኖ ይወዳታል፣ በዚህም ይሠቃያል። በኮሪያኛ «አንተ»ና «አንቺ» አይለዩም። አማርኛ ግን በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ጾታ እንዲመርጥ ተርጓሚውን ያስገድደዋል። ለረጅም ጊዜ ይህን እንደ እንቅፋት ቆጥሬው ነበር። አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ባለቤቱ ክፍል በክፍል «አንተ» ሲላት ኖሮ እውነቱን ባወቀ ዕለት በቁጣ «አንቺ!» ቢላት፣ ያቺ አንዲት ቃል በኮሪያኛው ውስጥ የሌለ ምት ትሰጣለች። እርሷ በበኩሏ ስለ ራሷ ስትናገር ምሥጢሯ አይወጣም፤ «ሄድኩ»፣ «ወደድኩ» የወንድም የሴትም ነው። ቋንቋችን የሚያስቸግረውን ያህል ያግዛል።

ስለ ድራማዎቹ ድካም በአጭሩ። የሀብታሙ ወራሽና የደሃዋ ልጅ ፍቅር ሰልችቶኛል። ድህነታቸውም ብዙ ጊዜ የታጠበና የተተኮሰ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላደገ ሰው አይዋጥም። የመኪና አደጋና የጠፋ ትዝታም ይብቃ እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 «የፀሐይ ዘሮች» የሚባለው የ16 ክፍል ድራማ እስያን አጥለቀለቀ። የኮሪያ ወታደሮችና ሐኪሞች «ኡሩክ» ወደምትባል በምናብ የተፈጠረች አገር ሄደው በጦርነትና በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳውን ሕዝብ ያድናሉ። ጥሩ ድራማ ነው፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሆኖም የኡሩክ ሰዎች ከጥቂቶች በቀር ስምም ታሪክም የላቸውም፤ የሚድኑ ብቻ ናቸው። ይህን ቂርቆስ ውስጥ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ለገሃርን ያስታውሳል። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮሪያ ተሻገረ። በተከታታይ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከ120 የሚበልጡት አልተመለሱም። ያኔ «ኡሩክ» እነርሱ ነበሩ፤ ደራሹ እኛ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «የክረምት ሶናታ» ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዷ ቹንቾን ናት። በዚያችው ከተማ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ኮሪያን በጎበኙ ጊዜ ለዘማቾቻችን የቆመ መታሰቢያ አለ። ማታ ማታ ከእኛ ጋር ከሚያዩት ጎረቤቶች የአንዷ አባት ዘማች ነበሩ። ወጣቶቹ በረዶ በተነጠፈበት ዛፍ ሥር ሲሄዱ እኛ ስለ ፍቅራቸው ስንጨነቅ እርሷ «ይሄ ነው እንግዲህ አባባ የሚሉት ብርድ» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔም የምተረጉመው ጠፍቶኝ ሦስት መስመር አለፈኝ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ከጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ የአገር ውስጥ ደራሲና ተዋናይ እንጀራ ጉዳይ ነበርና። ነገር ግን ተመልካቹ ባዕድ ታሪክን በአማርኛ ለመስማት ዝግጁ መሆኑን ያ ወቅት አሳይቷል። ከዚህ ክፍል የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የኮሪያን ድራማ ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከኮሪያኛው በቀጥታ የሚተረጉም ሰው እናሠልጥን። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የአንድን ክፍል ንግግር ወስዶ «አንተ»ና «እርስዎ» የት የት ላይ እንደሚቀያየሩ ቢያሰፍር፣ ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ገጾች ይልቅ ስለ ራሱ ቋንቋ ይማርበታል።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሣ የእናቴም ቤት አብሮ ፈረሰ፤ ጎረቤቶቹም ወደየአቅጣጫው ሄዱ። አሁን የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑን ይዛ ሄዳለች፤ የሚያነብላት ግን የለም። ፍላሹን ጭኜ እልክላታለሁ፣ እርሷም ብቻዋን፣ የፊትና የእጅ ሁኔታ እያየች ትከታተላለች። ያልገባት ነገር ሲኖር ትደውልልኛለች። ባለፈው እሑድ የጠየቀችኝ «ልጅቷ ልጁን ‹አንተ› ብላዋለች ወይስ ገና ነው?» ብላ ነው። ዘጠነኛው ክፍል ላይ ናት። ገና ነው አልኳት።