ሲሞን ቬይ፤ ልብ ማለትን ያስተማረች መምህርት
(በመምህራን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሙት ወቃሽ መሆን ነውር ነው ይባላል። አባባሉ መልካም ቢሆንም አንድ ጉዳት አለው፤ ይኸውም ሟችን ከማወደስ በስተቀር ሌላ የማስታወሻ መንገድ የሌለ የሚያስመስል መሆኑ ነው። ብዕሩን አኑሮ ያለፈ ሰው ግን ከውዳሴ ይልቅ የሚሻው መነበብን ነው። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋና የመንፈሳዊ ሕይወት ጸሐፊ ሲሞን ቬይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ34 ዓመት ዕድሜዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ስታርፍ፣ በስሟ የታተመ አንድ መጽሐፍ እንኳ አልነበራትም። ዛሬ ግን ሥራዎቿ በብዙ ቋንቋዎች ይነበባሉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) መምህርት ስለነበረችም፣ የእርሷ መታሰቢያ ለመምህራን ጉባኤ ባዕድ ጉዳይ አይደለም።

ሲሞን ቬይ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1909 በፓሪስ ከተማ ተወለደች። አባቷ ሐኪም ነበሩ፤ ቤተሰቡም በትውልዱ አይሁዳዊ ይሁን እንጂ የሃይማኖቱን ሥርዓት አይከተልም ነበር። ወንድሟ አንድሬ ቬይ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ልጅቱ ራሷን ከዚህ ወንድሟ ጋር እያነጻጸረች በ14 ዓመቷ ከባድ ተስፋ መቁረጥ ላይ እንደወደቀች ከብዙ ጊዜ በኋላ በደብዳቤ ገልጻለች። ከዚያ ጭንቀት የወጣችውም፣ እውነትን አጥብቆ የሚሻና ሐሳቡን ሰብስቦ የሚተጋ ሰው፣ የተፈጥሮ ተሰጥዎው ምንም ያህል ያነሰ ቢሆን፣ ወደ እውነት መድረሱ አይቀርም የሚል እምነት ሲያድርባት ነው። የኋላ ጽሑፎቿ ሥር ያለው በዚህ እምነት ውስጥ ነው።

አላን በሚል የብዕር ስም የሚታወቁት ፈላስፋ ኤሚል ሻርትዬ አስተምረዋታል። ከዚያም በኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ተምራ በ1931 የፍልስፍና መምህርነት ማዕረግ አገኘች፤ ለ ፑይ በምትባል ከተማም በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተመደበች። በዚያም ለሥራ አጦች የሚሰጠውን ድጎማ ያህል ብቻ ለራሷ እያስቀረች፣ የቀረውን ደመወዟን ለሠራተኞች ትሰጥ ነበር። ከሥራ አጦች ጋር ተሰልፋ አቤቱታቸውን በማሰማቷ ከባለሥልጣኖች ጋር ተጋጨች፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ወደ ኦሴርና ወደ ሮአን ተዛወረች። ለፈተና ብቻ የሚያዘጋጅ ትምህርት አትወድም ነበርና የተማሪዎቿ ውጤት ሁልጊዜ የሚያኮራ አልነበረም። ነገር ግን ከሮአን ተማሪዎቿ አንዷ በክፍል ውስጥ የያዘችው ማስታወሻ ተጠብቆ በ1959 መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ለአንድ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ሐውልት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በ1934 መጨረሻ ከማስተማር ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነች። እስከ 1935 በጋ ድረስ በአልስቶም፣ በካርኖና በሬኖ ፋብሪካዎች ማሽን ላይ ቆማ ሠራች። ስለ ሠራተኛ የሚጽፍ ሰው የሠራተኛን ኑሮ ሊያውቅ ይገባዋል የሚል ሐሳብ ነበራት። በዚያ ያገኘችው ግን ከጠበቀችው የከፋ ሆነ፤ ድካሙ አካልን ብቻ ሳይሆን ማሰብን ራሱን እንደሚነጥቅ ተረዳች። ከዚህ በመነሣት ሥቃይንና መከራን ለየች። ሥቃይ ያልፋል፤ መከራ ግን አካልን፣ ነፍስንና በሰው ዘንድ ያለን ክብር በአንድነት የሚሰብር፣ ተጎጂውም ራሱን እንዲንቅ የሚያደርግ ነገር ነው። ስለዚህም የተጨቆነ ሰው አቤቱታውን በሚገባ መናገር ስለሚያቅተው፣ ሰሚው ካልተጋ ድምፁ አይሰማም አለች።

ወደ ክርስትና ያቀረባትም ይኸው የመከራ ምሥጢር ነው። በ1935 በፖርቱጋል አንድ የባሕር ዳር መንደር የዓሣ አጥማጆች ሚስቶች በዓል ሲያከብሩ የሚያሰሙትን የሐዘን ዜማ ሰማች፤ በ1937 በአሲዚ በቅዱስ ፍራንሲስ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበረከከች፤ በ1938 ደግሞ በሶሌም ገዳም የሕማማትን ሳምንትና የፋሲካን በዓል አሳለፈች። በዚያ ወቅት ብርቱ የራስ ምታት ያሠቃያት ነበር። ቢሆንም ከሕመሟ ባሻገር የዜማውንና የጸሎቱን ውበት ልብ ብላ ለመስማት መቻሏን ጽፋለች። በ1941 በደቡብ ፈረንሳይ የወይን ለቀማ ስትሠራ፣ «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት በግሪክኛ በቃሏ ይዛ በየዕለቱ ትደግመው ነበር። በመካከሉ ሐሳቧ ለአፍታ እንኳ ከባከነ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምር ነበር።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ተጠመቀች ብሎ መገመቱ አይቀርም። የዶሚኒካን መነኩሴ የነበሩት አባ ፔራን በማርሴይ ከተማ ለብዙ ጊዜ ቢያነጋግሯትም ከደጃፉ አልገባችም። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ከቀሩት ሕዝቦች ሁሉ መለየትን አልፈቀደችም። ጥያቄዋን ሳትሸሽግ በደጅ መቆሟ አማኞችንም ኢአማኞችንም እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

በ1942 ከወላጆቿ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ ብዙም ሳትቆይ በለንደን ከነበረው የነጻ ፈረንሳይ ንቅናቄ ጋር ለመሥራት ተመለሰች። በኤፕሪል 1943 የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞች ያዘዙላትን ያህል ምግብ ለመውሰድ እምቢ አለች፤ በጠላት በተያዘችው አገሯ ያሉ ወገኖቿ ከሚደርሳቸው ራሽን የበለጠ ለመብላት አልፈለገችም ይባላል። ኦገስት 24 ቀን በአሽፎርድ ከተማ አረፈች። አሟሟቷን የመረመረው የእንግሊዝ ሹም፣ አእምሮዋ ሚዛኑን ስቶ ሳለ ምግብ በመከልከል ራሷን ገድላለች ሲል ፈረደ። በቀብሯ ላይ የተገኙት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ መቃብሯም ለዓመታት ስም ሳይጻፍበት ቆየ።

ከዚህ በኋላ ያለው የወዳጆቿ ሥራ ነው። ከፈረንሳይ ስትወጣ የማስታወሻ ደብተሮቿን ለገበሬውና ጸሐፊው ጉስታቭ ቲቦን አደራ ሰጥታ ነበርና፣ እርሱ ከውስጣቸው መርጦ «ክብደትና ጸጋ» የሚለውን መጽሐፍ በ1947 አሳተመ። በ1949 «ሥር መስደድ»፣ በ1950 ደግሞ አባ ፔራን ያሳተሟቸው ደብዳቤዎችና ድርሰቶች «እግዚአብሔርን መጠባበቅ» በሚል ርእስ ወጡ። እናቷ የእጅ ጽሑፎቿን እየገለበጡ ለኅትመት አዘጋጁ፤ ደራሲው አልቤር ካሙም በጋሊማር ማተሚያ ቤት በሚመራው ተከታታይ ኅትመት ውስጥ በርካታ ሥራዎቿን አወጣ። የሴት ልጅን ደብተር እየገለበጡ የሚያለቅሱ እናት ብዙ ናቸው፤ ደብተሩን ለዓለም ያደረሱ ግን ጥቂት ናቸው።

ሆኖም አደራ ማድረስ ከባድ ሥራ ነው። ቲቦን ከደብተሮቹ አጫጭር ሐሳቦችን እየመረጠ በየርእሱ ስለደረደራቸው፣ ብዙ አንባቢ ሲሞን ቬይን የጥቅሶች ደራሲ አድርጎ አወቃት። በደብተሮቹ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሐሳብ ከሌላው ጋር እየተከራከረ፣ እየተሠረዘና እየተመለሰ የሚጓዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ቅድስት አደረጓት፤ ሌሎችም የመርማሪውን ፍርድ ተከትለው በሽተኛ ብቻ አደረጓት። ሁለቱም ወገኖች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ ከመጽሐፏ ይልቅ አሟሟቷን ያነብባሉ።

እውነተኛ መታሰቢያ ድክመትንም አይሸሽግም። ስለ አይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍት የጻፈችው ሚዛን የጎደለው ነው፤ ያውም ወገኖቿ በሚጨፈጨፉበት ዘመን። ፈላስፋው ኤማኑኤል ሌቪናስ በ1952 ጠንካራ ወቀሳ ያቀረበባት በዚህ ነው። የተገፋን ሰው ልብ በሉ ያለች ጸሐፊ፣ የቅርብ ወገኗን ጩኸት በሚገባ ሳትሰማ መቅረቷ የሚያሳዝን ነው። ይህን መናገር ሙት መውቀስ ሳይሆን፣ በራሷ ሚዛን መመዘን ነው።

ለመምህራን ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታዋ፣ በ1942 አባ ፔራን ለሚያነጋግሯቸው ተማሪዎች እንዲሆን የጻፈችው የትምህርት ድርሰት ነው። በዚህ ድርሰት መሠረት የማንኛውም ትምህርት ጥልቅ ዓላማ ልብ ማለትን ማሠልጠን ነው። ልብ ማለት ግንባርን መቋጠርና ትንፋሽን መያዝ አይደለም፤ ሐሳብን ባዶና ክፍት አድርጎ፣ ችኩል መልስን አስወግዶ፣ ነገሩ ራሱ እስኪገለጥ መጠበቅ ነው። አንድ ተማሪ በጂኦሜትሪ ጥያቄ ላይ ሰዓት ሙሉ ደክሞ መልሱን ሳያገኝ ቢቀር፣ ያ ሰዓት ከንቱ አይደለም፤ ፍሬው ባልታሰበበት ቦታ ይታያል። ስለዚህም ተማሪው የታረመለትን ስሕተት ሳይሸሽና ሳያመካኝ ቀስ ብሎ እንዲመለከት ትመክራለች። ስሕተትን ፊት ለፊት ማየት ትሕትናን ያስተምራልና።

ከዚያም ወደ ሰው ታሻግረዋለች። በጥያቄ ፊት መታገሥን የተማረ ልብ፣ በተቸገረ ሰው ፊትም መታገሥ ይችላል። መከራ የደረሰበት ሰው በዚህ ዓለም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው፣ ምን እንደደረሰበት ጠይቆ መልሱን የሚያዳምጠው ሰው ነው። ለእርሷ ጸሎት፣ ጥናትና ባልንጀራን መውደድ የአንድ ችሎታ ሦስት ፍሬዎች ናቸው።

በዚህ መንገድ ቢታይ፣ በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ቀስ ብሎ የሚገባውን ልጅ ሐሳቡን እስኪጨርስ የሚጠብቅ መምህር፣ የሲሞን ቬይን መታሰቢያ በየዕለቱ ያከብራል። ያ ልጅ፣ ከወንድሙ ያነሰ መስሎት በ14 ዓመቱ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ሊሆን ይችላል።